ላቦራቶሪ ሳይቆም ፌሎው አንቀበል



ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ ሐኪሞች አይደለም። ዲፓርትመንት ለምትመሩት፣ በሥርዓተ ትምህርት ላይ ለምትፈርሙት፣ ራውንድ ላይ ከሁሉም በኋላ ተናግራችሁ ነገሩን ለምትቋጩት ለእናንተ ነው። አብረን ዲዩቲ አድረናል፤ አብረን ሸብተናል። ስለዚህ ሳላለሳልስ ብናገር አትቀየሙኝም ብዬ አምናለሁ። ብትቀየሙኝም ከመናገር አልመለስም።

የሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ሰብ-ስፔሻሊቲ በአገራችን መሰጠቱ የእኔ ትውልድ ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ድሮ ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ሻንጣውን ይዞ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከተሻገሩትም ብዙዎቹ በዚያው ቀርተዋል። የሚያስፈራኝ ከዚህ ቀጥሎ የምናደርገው ነው። ፕሮግራም ይከፈት፣ የፌሎዎች፣ ማለትም የሰብ-ስፔሻሊቲ ሠልጣኞች፣ ቁጥር ይጨመር በተባለ ጊዜ ሁሉ የምንቆጥረው አስተማሪዎችን፣ አልጋዎችንና የመማሪያ ክፍሎችን ነው። የደም ካልቸር ጠርሙስ ባለፈው ዓመት ስንት ወር ጠፍቶ እንደከረመ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ናት፦ ካልቸር በአግባቡ በማይሠራበት ሆስፒታል የተላላፊ በሽታ ሐኪም እናሠልጥን ካልን፣ የሚወጣልን ሜሮፔኔም ላይ የሚፈርም ሰው ነው። ማዕረጉን እኛው ስለምንሰጠው ደግሞ ከእርሱ በላይ ቆሞ የሚያርመው አይኖርም።

እኛ ስንማር ሕፃናትን የሚጨርሰው ተሕዋስ የሚመጣው ከደጅ ነበር። የኩፍኝ ሕፃናት ክፍሉን ሞልተው ኮሪደር ላይ ይተኙ ነበር። መንጋጋ ቆልፍ፣ ትክትክ፣ ዘጊ አናዳ በመጽሐፍ ብቻ የምናውቃቸው በሽታዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ማጅራት ገትር ሲዛመት የነበረውን ያየ ሐኪም አይረሳውም። ያን ጊዜ ክሎራምፌኒኮልና ፔኒሲሊን ይዘን፣ በዓይናችንና በእጃችን ተማምነን ብዙ ሕይወት ማትረፍ ችለናል፤ ተሕዋሱ ለመድኃኒቱ ይረታ ነበርና።

ያንን ዘመን የቀየረው ክትባት ነው። መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ፤ ፔንታቫለንት በ2007፣ የኒሞኮካል ክትባት በ2011፣ የሮታ ክትባት በ2013 ገቡ። ውጤቱም በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን ላይ በግልጽ ይታያል። በ2005ቱ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019ኙ ቁጥሩ 59 ሆነ። ይህ የብዙ ሺህ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላብ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

አሁን በዚያው ሠንጠረዥ ላይ የጨቅላዎቹን መስመር ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት በ2005 ከ1,000 ሕፃናት 39 ነበሩ፤ በ2016 29 ደረሱ፤ በ2019 ደግሞ 33 ሆኑ። ከ29 ወደ 33 መሄዱ የናሙና ልዩነት ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁንለት። የትልልቆቹ ሞት ከግማሽ በላይ ሲወርድ የጨቅላዎቹ ጥቂት ብቻ መቀነሱን ግን ማንም አይክድም። በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣውን ጥናት ሁላችሁም አንብባችኋል፤ ከእናንተ መካከል የሠራችሁበትም አላችሁ። ከሞቱት 45 በመቶውን የገደለው የሳንባ አለመብሰል ነው፤ 30 በመቶውን ኢንፌክሽን፤ 14 በመቶውን መታፈን።

ያ 30 በመቶ ነው የዚህ ስልጠና ዋና ጉዳይ መሆን ያለበት። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀንም ከመንደሩም ይዞት የመጣ አይደለም። ከእኛ የሚያገኘው ነው፤ ከሳክሽን ቱቦው፣ ሁለት ሦስት ሕፃናት ከሚተኙበት ዋርመር፣ መርፌ ደጋግሞ ከሚገባበት ብልቃጥ፣ ከእጅ መታጠቢያ ገንዳው፣ ውኃ በጠፋ ቀን ከማንኛችንም እጅ። በሰባት አገሮች የተካሄደው የባርናርድስ ጥናት የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይጨምራል፤ ለጨቅላ ሕፃናት ሴፕሲስ ቀዳሚው ምክንያት ክሌብሴላ ኒሞኒያ ሆኖ ነው የተገኘው። ከግራም ኔጋቲቮቹም አብዛኞቹ እኛ በየቀኑ የምናዝዘውን አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን ተላምደዋል። ሜሮፔኔምን የሚቋቋም ክሌብሴላና አሲኔቶባክተር ከአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ሪፖርት ተደርጓል። እኛ በወጣትነታችን የተዋጋነው ጠላትና ዛሬ ፌሎዎቻችን ፊት ለፊት የቆመው አንድ አይደሉም። በዓይንና በእጅ ብቻ የምናስተምራቸው ከሆነ ያለፈውን ጦርነት እያስተማርናቸው ነው።

ካልቸር የሚባለውን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ ብዙዎቻችን በወረቀት ላይ አዘን እናልፈዋለንና።

ከጨቅላ ሕፃን ቢያንስ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ ከአንቲባዮቲኩ በፊት፣ ቆዳው በአግባቡ ተጠርጎ፣ ደሙ ወደ ጠርሙሱ ከመግባቱ በፊት የጎማ ክዳኑ ጸድቶ። በብዙ ክፍሎቻችን የሚሆነው ሌላ ነው። ሕፃኑ ሌሊት ይገባል፤ ጠርሙስ የለም፤ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። በማግስቱ ጠርሙስ ሲገኝ ግማሽ ሚሊ ሊትር የማትሞላ ደም ትቀዳለች። ዓርብ ከሰዓት ከሆነ ጠርሙሱ ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ እስከ ሰኞ ይቆያል። ውጤቱ ሲመጣ ወይ «እድገት የለም» ይላል፣ ወይ ከቆዳ የመጣ ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፍ ይሆንና ሕፃኑ ላይ ቫንኮማይሲን ይጨመርበታል። አንዳንዱ ወረቀት ሕፃኑ ከሞተ በኋላ፣ አንዳንዱ ቤቱ ከገባ በኋላ ካርዱ ውስጥ ይቀመጣል። የሚያነበው የለም።

ፌሎው ከዚህ ምን ይማራል? ላቦራቶሪን አለማመንን ይማራል። ይህ ከእጥረቱ የከፋ ነው። እጥረት በበጀት ይሞላል፤ በስልጠና ዘመኑ «እድገት የለም» የሚል ወረቀት ምንም ማለት እንዳልሆነ የተማረ ሐኪም ግን ነገ ባለ ዘመናዊ ማሽን ሆስፒታል ብትሰጡት እንኳ በወረቀቱ አንቲባዮቲክ አያቆምም። በትክክል የተወሰደ ካልቸር እስከ 48 ሰዓት ድረስ እድገት ካላሳየ፣ ሕፃኑም ደህና ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አንቲባዮቲክ ማቆም እንደሚቻል መጽሐፉ ይነግረዋል። ነገር ግን ሲደረግ አይቶ አያውቅም። ሲደረግ ያላየውን ማን ያደርጋል?

አንድ ያየሁትን ልናገር፤ ሆስፒታሉን አልጠራም። ራውንድ ላይ አንዲት ፌሎው ስለ አንድ ጨቅላ ስትናገር ካልቸሩ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሲ-አር-ፒው እንደወረደ፣ ሕፃኑ ጡት መጥባት እንደጀመረ ገልጻ ሜሮፔኔሙ ይቁም አለች። ሥራዋን ጨርሳ፣ ላቦራቶሪው ድረስ ወርዳ ጠርሙሱን አይታ የመጣች ናት። ሲኒየሩ፣ የእኔ ዘመን ሰው፣ «ልጁ ቢሞት የሚጠየቀው ማን ነው?» አላት። ነርሷ መርፌውን ቀጠለች። ፌሎዋ መልስ አልሰጠችም። ከዚያ በኋላ በቆየሁባቸው ራውንዶች ሁሉ ይህች ልጅ አንድም መድኃኒት ይቁም ስትል አልሰማሁም። ይጨመር ሲባል ግን ከሁሉ በፊት ትስማማ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሜሮፔኔም ሳያስፈልገው ለአሥራ አራት ቀን የሚወጋው ሕፃን ጎኑ ለተኛው ሕፃን የሚተርፍ ተሕዋስ ያፈራል። ያኛው ሲሞት «ልጁ ቢሞት ማን ይጠየቃል» የሚል የለም፤ በካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» ተብሎ ይዘጋል። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ መሞታቸው ተገምቷል። እነዚያ ሞቶች በየአገሩ እንደኛ ባሉ ክፍሎች ውስጥ አንድ በአንድ የደረሱ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ሲከፍል አምፒሲሊንንና ጄንታሚሲንን በቀዳሚ አገልግሎት መደብ፣ ሴፍትሪያክሶንንና ሜሮፔኔምን በጥንቃቄ በሚታዘዙት መደብ፣ ኮሊስቲንን ደግሞ ለክፉ ቀን በሚቀመጡት መደብ አስቀምጧል። በ2024 መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተሰብስበው ለሰዎች ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው እስከ 2030 ከቀዳሚው መደብ እንዲሆን ተስማምተዋል። ከዚህ ስምምነት አጠገብ የራሳችሁን ክፍል የመድኃኒት ሰሌዳ አስቀምጡና ተመልከቱ። የገጠር አባት የልጁን ሜሮፔኔም ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዛ ወረቀት ተሰጥቶት፣ ተበድሮ፣ ከብቱን ሸጦ ይዞ ሲመጣ እናያለን። ያ መድኃኒት አስፈላጊ ነበር ወይ ብሎ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ፌሎው ነበር። ጥያቄውን አፉ ላይ እያለ ያስዋጥነው እኛው ነን።

ከኮሊስቲን በኋላ ምን እንዳለን የምታውቁ ንገሩኝ። ኩላሊት ስለሚጎዳ አንድ ጊዜ የተተወ መድኃኒት ነበር፤ የመለስነው ሌላ ስላጣን ነው። በአንድ ኪሎ ተኩል ሕፃን ላይ እርሱን ስናዝ እጃችን የማይንቀጠቀጥ ከሆነ አንድ ነገር ጠፍቶብናል።

ስለ ሌላው ክፍል በአጭሩ። ይህ ስልጠና የጨቅላዎች ክፍል ብቻ አይደለም፤ በአንድ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የሚያልቅም አይደለም። ካላአዛርን አዲስ አበባ ተቀምጦ መማር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝ በሽታው ከሁመራና ከመተማ ቆላ ወጥቶ ደጋማ መንደር ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል፤ ፌሎው ጎንደር ሄዶ የእነዚያን ሕፃናት ጣፊያ በእጁ ሳይዳስስ መመረቅ የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ተለውጧል፤ አክታ የማያወጣ ሕፃን ሰገራውን በጂን ኤክስፐርት መመርመር ይቻላል፤ ቀላል ደረጃ ያለው የሕፃናት ቲቢ በአራት ወር ሕክምና መዳን እንደሚችል የሻይን ጥናት በ2022 አረጋግጧል። ኤች አይ ቪ ይዟቸው የተወለዱ ልጆች አድገው ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ የሚሻገሩበት ዘመን ላይ ነን፤ በዚያ መሻገሪያ ላይ ስንቶቹ እንደሚጠፉ ክትትል የሚያደርጉት ነርሶች ያውቃሉ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን «ልጅ ይገድላል» በሚል ፍርሃት ሳይወጋ ቀርቶ የልብ ቫልቩ ተበላሽቶ የሚመጣውን ልጅ ደግሞ መቁጠር ትተናል። ይህ ሁሉ የዚህ ሙያ ድርሻ ነው።

ስለ ምርምሩም አንድ ቃል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ፤ ቢልሃርዚያን ስለመቆጣጠር ዓለም የሚያስታውሰው ሥራ ከዚያ ጀመረ። ያየውን ያየው ወንዙ ዳር ስለወረደ ነው። የእኛ ፌሎዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በአብዛኛው መጠይቅ ነው፤ የእናቶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር። ለመጠይቅ ንቀት የለኝም። ነገር ግን ተሕዋስ ለማጥናት የተመደበ ሐኪም ተሕዋስ ሳይነካ ሲመረቅ መምህሩ ምን ሠራ ሊባል ይገባል። ግራም ስቴይን ክሪስታል ቫዮሌት፣ አዮዲን፣ አልኮልና ሳፍራኒን ነው፤ አንድ ደህና ማይክሮስኮፕና ጥቂት ደቂቃ። የማጅራት ገትር ሕፃንን የአከርካሪ ፈሳሽ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ ቀልሞ ራሱ የሚያነብ ፌሎው ማፍራት በጀት የማይጠይቅ ነገር ነው። ይህን እንኳ የማንጠይቃቸው ለምንድን ነው?

አንዳንዶቻችሁ «መጀመሪያ ሰው ይኑር፤ ላቦራቶሪው በኋላ ይመጣል፤ ራሳቸው ያመጡታል» ትላላችሁ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ፤ በሌሎች ሙያዎች እውነት ሆኖም አይቻለሁ። የቀዶ ሐኪም መሣሪያ ቢጎድለው ቀዶ ሕክምናው አይካሄድም፤ ጉድለቱ በዚያው ቀን ይታያል፤ አስተዳደሩም ይጨነቃል። ላቦራቶሪ የጎደለው የተላላፊ በሽታ ሐኪም ግን ሥራው አይቆምም። በግምት ያዝዛል፤ ግማሹ ሕፃን ይድናል፤ ራውንዱ ያልቃል። ጉድለቱ ስለማይታይ የሚሞላው የለም። አሥር ዓመት ቢቆይም ያው ነው፤ ሰውየው በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ግምቱን ጥበብ ብሎ ለሌላ ያስተምራል።

ባሕር ማዶ ያለውንም አይታችሁ ተማሩ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሰብ-ስፔሻሊቲ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የራሱ የቦርድ ፈተና አለው፤ ስልጠናው ሦስት ዓመት ነው፤ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲስቱ፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ቡድኑ ሁሉም አሉ። ይህም ሆኖ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሚቀርቡት የፌሎውሺፕ ቦታዎች ብዙዎቹ አመልካች አጥተው ያድራሉ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ሦስት ዓመት ጨምሮ የተማረው ሐኪም ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ የሕፃናት ሐኪም ያነሰ ያገኛል፤ ሥራው ማሰብና ማማከር እንጂ የሚከፈልበት ፕሮሲጀር አይደለምና። ያን ሁሉ የያዘ አገር ወጣቶቹን መሳብ ካቃተው፣ ክብሩንም፣ መሣሪያውንም፣ ደመወዙንም የነፈግን እኛ በምን እንይዛቸዋለን? ዛሬ የሚመጡልን ፍቅር ያላቸው ናቸው። ሲመረቁ ጠቅላላ ዋርድ ላይ መድበን፣ ተረኝነቱን አሸክመን፣ የተማሩትን በትርፍ ሰዓታቸው እንዲሠሩ ስናደርግ የሚቀጥለው ዓመት አመልካች ያያል። ያሉትም የሚሄዱበትን መንገድ ያውቁታል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። የምጠይቃችሁ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ፌሎው ከስልጠናው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወር ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከቴክኖሎጂስቶቹ ጋር፣ ሳህን እያነበበ ይዋል፤ ዋርድ ሰው ጎደለ ተብሎም አይጠራ። ሜሮፔኔም፣ ቫንኮማይሲንና ኮሊስቲን ያለ እርሱ ወይም ያለ እርሱ መምህር ፊርማ ከ72 ሰዓት አይለፉ፤ አንድ ሲኒየር ይህን ሊሽር ከፈለገ ምክንያቱን በካርዱ ላይ በስሙ ይጻፍ። ይህ ለእኛ ለአረጋውያኑ ይመርራል። ከልጅ ፈቃድ ጠይቁ መባል ነውና። ነገር ግን ሥልጣን የሌለው ስልጠና ሰጥተን «አንቲባዮቲክ ቁጥጥር» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ማንንም አናድንም። እጅ መታጠብን ለኢንተርን የምናዝዝ ሳይሆን፣ በር ላይ ቆመን ከማንም ቀድመን የምንታጠብ እንሁን፤ ፌሎዋ ፕሮፌሰሩን «አልታጠቡም» ብላ የማስቆም መብት ይኑራት፤ ስትናገርም ቁጣ አይጠብቃት።

የላቦራቶሪ ሠራተኞቻችንንም አስቡ። እነዚህ ሰዎች ራውንድ ላይ አይጠሩም፤ ያሳደጉት ተሕዋስ የማን ሕፃን እንደነበር አይነገራቸውም፤ ቅዳሜና እሑድ ቢገቡ የትርፍ ሰዓት የሚከፍላቸው የለም። የእሑዱን ጠርሙስ ማን ያንብበው? የሁለት ቴክኖሎጂስቶች የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሳያስፈልግ ከሚወጋው ሜሮፔኔም አጠገብ ምን ያህል ይሆናል? ይህን ሒሳብ ለሆስፒታል አስተዳደር ሠርቶ ማቅረብ የእኛ የአንጋፋዎቹ ሥራ ነው፤ እኛን ይሰሙናል፤ ፌሎውን አይሰሙትም።

በሚቀጥለው የዲፓርትመንት ስብሰባ የላቦራቶሪው ኃላፊ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። ያለፉት 12 ወራት የደም ካልቸር መዝገብ ይምጣ፦ ስንት ናሙና ተወሰደ፣ ስንቱ ከአንቲባዮቲክ በፊት፣ ስንቱ ተበከለ፣ ስንቱ ውጤት ሕፃኑ አልጋ ላይ እያለ ሐኪሙ እጅ ደረሰ። መዝገቡ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ መልሱ የሚያሳፍር ከሆነ፣ ዘንድሮ አዲስ አመልካች አንቀበል፤ ምክንያቱንም ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ እናሳውቅ። አስቀድመው የገቡትን ደግሞ ላቦራቶሪው ወደሚሠራበት ሆስፒታል ለስድስት ወር እንላካቸው፤ የቤት ኪራያቸውንና የትራንስፖርት ወጪያቸውን በተመለከተ ዲን ቢሮ ድረስ ሄደን እኛው እንከራከርላቸው።